ጨጓራ ነው ያልኩበት ቀን

አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር ክራባት ማሰር ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ክራባት አስሮ አያውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ያሰረለት ሚዜው ነበር። በዚያ የታኅሣሥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬን መስታወቱ ላይ አስደግፈን፣ አንድ ወጣት በቪዲዮ ሲያሳይ እያየን፣ ሦስት ጊዜ አስረን ሦስት ጊዜ ፈታን።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልታስሪልኝ ነው ወይስ ልታንቂኝ?"

"ዝም ብለህ ቁም። አገጭህን ቀና አድርግ።"

ክራባቱ ያስፈለገው ለጀልባ ክለቡ የገና ግብዣ ነው። ባለ ጀልባዎቹ በሚሰበሰቡበት በዚያ ክለብ ባለቤቴ ዐሥራ ስድስት ዓመት የአባላቱን መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖሯል። የአዲስ ዓመት ዳንሳቸውን፣ የጁላይ አራት ርችታቸውን፣ በጸደይ ቄስ አስመጥተው ጀልባዎቹን የሚያስባርኩበትን ቀን፣ ሁሉንም ከበሩ ቆሞ አይቷል። ቤት ሲመጣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ሰክሮ በሰው መኪና ሊሄድ እንደነበር ይነግረኛል። በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጣ ስለነበር በእንግድነት ጠሩት፤ ከነባለቤቱ፣ በመብራት ያጌጡ ጀልባዎች በሚሰለፉበት ምሽት።

ክራባቱ በአራተኛው አማረ። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ያቃጥለኛል፣ ከጠዋት ጀምሮ" አለ።

"ጨጓራህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ሆድህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለህ፣ ከዚያ ሽሮውን በሚጥሚጣ ታወርደዋለህ።"

ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛሁት ተልባ ነበረኝ። በጥብጬ ሰጠሁት፤ ቆሞ ጠጣው።

እኔ ቶራንስ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ኬርጊቨር፣ አስታማሚ ነበርኩ። ከእነሱ አንዱ ደረቴን አመመኝ ቢለኝ ምን እንደማደርግ ሠልጥኛለሁ፤ ምን እንደበላ ሳልጠይቅ ናይን ዋን ዋን ደውዬ አምቡላንስ እጠራለሁ። እሱ ግን የራሴ ሰው ነው፣ ጾመኛ ነው፣ የነገረኝም በአማርኛ ነው። እኛ ዘንድ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው።

እኔን ያስፈራኝ ውሃው ነበር። ከወገቤ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። የተሳፈርንባት ጀልባ የሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ናት፤ ሰውየው ቀይ የገና ቆብ አድርገው ይነዳሉ፣ ሴትየዋ ትኩስ ነገር ያድላሉ። ከነጠላዬ በላይ የነፍስ አድን ጃኬት አለበሱኝ። ፀሐይ እንደገባች ጀልባዎቹ ተራ ይዘው ከወደቡ ወጡ፤ ምሰሶውና ገመዱ ሁሉ አምፖል፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ብዛቱ ለጉድ ነው። እኔ ዳር ተቀምጬ፣ የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ቁልቁል ጥቁሩን ውሃ አያለሁ።

ባለቤቴ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "አይዞሽ፣ ብንሰጥም እንኳ ፈልገው ያወጡኛል" አለ። "መኪናቸውን የት እንዳቆምኩት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ላይ ሆነህ አትቀልድ!"

ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ቀስ ብሎ፣ "ተልባው አልሠራም" አለኝ።

"ምድር ስንወርድ ሌላ እሰጥሃለሁ" አልኩት። ፊቴን አላዞርኩም። ዓይኔን ከውሃው ካነሳሁ የምንገለበጥ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እጁ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ነፋሱ ይቆረጥማል፣ መዳፉ ግን በላብ ርሷል። ያኔ ዞርኩ። ቀይና አረንጓዴ መብራት ፊቱ ላይ እየተፈራረቀ መልኩን ደበቀብኝ። ከኋላችን የነበረችው ጀልባ ነጭ መብራቷን ስታበራ ግን አየሁት። ያንን አመድ መልክ ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

ጮኽኩ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ፤ "ልቡ ነው! ልቡ ነው!" እላለሁ በአማርኛ። ሽማግሌው ፊቱን ሲያዩ ሙዚቃውን አጥፍተው ሬዲዮ አነሱ። ከፊትም ከኋላም ጀልባ ስለነበር ከሰልፉ መውጣት አልተቻለም፤ እየተጋፉ ወጡ። ዳር ያለው ሕዝብ የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበልን። ባለቤቴ "ፍቺልኝ" አለኝ፣ ወደ አንገቱ እያሳየ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ሴትየዋ በመቀስ ቆረጡት።

አምቡላንሱ ቆሞ ሲጠብቀን ከሩቅ ይታየኛል፣ እኛ ግን አንደርስም። ስንደርስ እሱ በሕይወት አልነበረም።

ልጃችን ወደ ቤት ከመምጣቷ በፊት የተልባውን ብርጭቆ አጠብኩት። ለምን እንዳጠብኩት አውቃለሁ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ድንገት ነው?" ይለኛል። "ድንገት ነው" እላለሁ። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ደህና ነበር?" አለችኝ። "ደህና ነበር" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር ያወቀችብኝ እየመሰለኝ ሳላነሳው እቆያለሁ። ወደ ሥራዬም አልተመለስኩም፤ ከአረጋውያኑ አንዱ ደረቴን አመመኝ እንዳይለኝ ፈራሁ።

በጸደይ ክለቡ ጠራን። ጀልባዎቹ በሚባረኩበት ቀን በዓመቱ ውስጥ የሞቱትን ስም እያነበቡ ደወል ይደውላሉ፤ የእሱንም ስም ሊያነቡ ነው። ልጄ ካልሄድን አለች። እኔ ባለ ጀልባዋ ሴትዮ ለልጄ እንዳይነግሯት ፈራሁ። ባለቤቴ ያን ቀን ትኩስ ነገር ሲሰጡት፣ ከጠዋት ጀምሮ ደረቱን እያቃጠለው ስለሆነ እንደማይጠጣ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ።

ደወሉ ለእሱ ሲደወል እንኳ አላለቀስኩም፤ ሴትየዋን በዓይኔ እጠብቅ ነበር። ሰው ሲበተን እጃቸውን ዘርግተው ወደ ልጄ መጡ። የልጄን ክንድ ይዤ ጎተትኳት።

"አባትሽ ነግሮኝ ነበር" አልኳት። "ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥለኛል ብሎኛል። ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ አጠጣሁት።"

ሴትየዋ ደርሰው አቀፏት፣ ስለ አባቷ ደግነት አወሩላት፣ ሌላ ነገር ሳይናገሩ ሄዱ። እኛ ሁለታችን የመኪና ማቆሚያው አጥር ጋ ቆመን ቀረን።

"እኔም ጋ በጠዋት ደውሎ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነበር። 'አባዬ፣ ጨጓራህ ነው፣ እማዬ ተልባ ትስጥህ' አልኩት። አንቺ ታውቂብኛለሽ ብዬ ስፈራ ነው የከረምኩት።"

አሁን ክሬንሾው ሰፈር ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ደረቴን ሲያቃጥለኝ እነግራታለሁ።