በመዳፍ የሚቀመስ ሽሮ

በጾም ወራት ደባርቅ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ ባዘዝኩ ቁጥር አስተናጋጇ የጨው ብልቃጥ ፊቴ ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ቢያንሰኝ እጨምራለሁ፤ ቢበዛብኝ የራሴ ጉዳይ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየ ጨዉ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ድሮ እኔ ሳልፈርድ በቤታችን አንድ ድስት ከእሳት አይወርድም ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ማጋነን ይወዳል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ይህችን ግን አቅሜ በፈቀደ መጠን ሳላጋንን እነግራችኋለሁ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እሳቸው እስኪመለሱ እናቴም እህል ውኃ አትቀምስም። ታዲያ ያልቀመሰ ሰው የወጡን ጨው በምን ያውቃል? በኛ አገር ለዚህ የሚጠራው ጾም ያልጀመረ ልጅ ነው። በኛ ቤት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር እናቴ ትጠራኛለች። መዳፌን እዘረጋለሁ። በአንድ እጇ አንጓዬን ይዛ በሌላው ከማማሰያው ጫፍ አንድ ጠብታ ታሳርፍብኛለች። ከዚያ እንዳያቃጥለኝ ጎንበስ ብላ እፍ ትልልኛለች። የደባርቅ ብርድ እንኳን አንድ ጠብታ፣ አንድ ጋን የፈላ ውኃ በቁሙ የሚያረጋ ስለሆነ እፍ ማለቱ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ሳትል ቀርታ አታውቅም።

ዛሬ የሚናፍቀኝ ሽሮው አይደለም ብል እዋሻለሁ፤ ሽሮውም ይናፍቀኛል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ስንት ሰው ሽሮ ሠርቶልኛል። የባለቤቴ እጅ በተለይ ይጣፍጣል፤ ይህን ጽሑፍ ስለምታነበው አጥብቄ ነው የምናገረው። እፍ የሚልልኝ ግን አልተገኘም። አንድ ጊዜ ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ መዳፌን ብዘረጋ፣ ሳህን አለልህ እኮ ብላ ገፋ አደረገችኝ። በዚህ ዕድሜ ለሰው ምን ብለው ያስረዱታል?

ወደ ፍርዴ ልመለስ። ጠብታዋን ልሼ ከንፈሬን እመጣለሁ፤ ጣሪያውን አያለሁ፤ እንደ ሽማግሌ እጉረመረማለሁ። በመጨረሻ ጨው እንዳነሰው እናገራለሁ። እናቴ እጇን ወደ ጨው ጣሳው ትልካለች፣ ድስቱ ላይ ትነሰንሳለች፣ ታማስላለች፤ ሌላ ጠብታ፣ ሌላ እፍ። አሁን ደግሞ በበሩ በኩል ያለው ሽሮ ደህና ነው፣ በግድግዳው በኩል ያለው ነው የቀረው እላለሁ። የኔ ፍርድ ከሊማሊሞ መንገድ የበለጠ ጥምዝምዝ ነበረው። ድስቱ እስኪወርድ እኩሌታው በመዳፌ አልፎ ሆዴ ገብቷል። ሳህን ሲቀርብልኝ ግን እንደ ፍየል ደንብሬ የምሸሽ፣ ቁርሴን ለዶሮ የምበትን ልጅ ነበርኩ።

የሚገርመው፣ ያን ያህል ጨው ጨምሪ እያልኳት ወጡ አንድም ቀን ጨው በዝቶበት አያውቅም። አባቴ ባርከው፣ ጎርሰው፣ ልክ ነው ይላሉ። እኔም ከሊማሊሞ ቁልቁል እስከ ዛሪማ የኔን ምላስ የሚያህል ምላስ የለም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ዓመት ቅበላ ላይ አባቴ ማዕድ ላይ እንዳሉ፣ «ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ከሰኞ ጀምሮ ይጾማል» አሉ።

እናቴ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነው፣ ለከርሞ ይቆይልኝ ብላ ተሟገተች። አባቴ አፉ ግን ከስቶ አያውቅም ብለው ነገሩን ዘጉት።

እኔን ያስጨነቀኝ ረሃቡ አልነበረም። ያቺ ከምድጃው አጠገብ ያለች ቦታዬ ለማን ትሰጣለች? ከኔ በታች የነበረችው አመድና ዱቄት የማትለይ ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። እናቴን ለብቻዋ አግኝቼ በዚህች ልጅ ምላስ ቤተሰቡ በጨው እንደሚያልቅ አስጠነቀቅኳት። ሳቀችና፣ አንተ ታስተምራታለህ አለችኝ።

ሰኞ ደረሰ። ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከረሃቤ ብዛት ማዶ ቡይት ራስ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲያኝክ እዚያ በርጩማዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሽሮው ተንተከተከ። እናቴ እህቴን ጠራቻት፣ አንጓዋን ያዘች፣ ጠብታዋን አሳረፈች፣ ጎንበስ ብላ እፍ አለችላት። እህቴ ጠብታዋን ላሰችና ከንፈሯን መጥጣ ጣሪያውን አየች። ከኔ ሰርቃ ነው።

«ጨው የለውም» አለች።

እናቴ እጇን ወደ ጣሳው ላከች። እኔ በቀማሽነቴ ዘመን ዓይኔ ከመዳፌ ተነቅሎ አያውቅም፤ ዛሬ ግን የማየው መዳፍ የለኝምና ጣቶቿን አየሁ። ጣሳው ውስጥ ገቡ፤ ጨዉን ሳይነኩ ወጡ። ባዶ ጣቶቿን ድስቱ ላይ አሻሸች፣ አማሰለች፣ ሌላ ጠብታ አነሳች።

ለካ ጨዉን መጀመሪያውኑ በእጇ ልክ ታውቀው ኖሯል። ለካ ከሳህን የሚሸሸውን ልጅ ጠብታ በጠብታ ስታበላው ነበር።

አፌን ከፈትኩ። እህቴን ልነግራት ነበር፤ ምቀኝነቱም፣ ግርምቱም፣ ረሃቡም አንድ ላይ ጉሮሮዬ ደርሰዋል። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችኝም። ማማሰያውን እንደያዘች እንደ ትልቅ ሰው ጠየቀችኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ የኔ ጌታ? ይበቃዋል?»

እህቴ መዳፏን እንደዘረጋች ዞራ አየችኝ። ክንዷ የማማሰያውን እጀታ አያህልም ነበር።

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ።

እናቴ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። የኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር።