ጉዳዩ፦ አጥሩ እንዲነሣልን ስለመጠየቅ

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ሰማያዊ ውኃ በብርጭቆ ይዤ ክፍል እገባና የብረት ሚስማር እነክርበታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሚስማሩ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ውኃው ውስጥ ያለው መዳብ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ። ዘንድሮ ትምህርቱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ብቻ አለፍኩት። ሚስማር መያዝ አልቻልኩም።

የተወለድኩት ከደምበጫ ወዲያ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ መዳብና ወርቅ አለው ተባለና አንድ ኩባንያ መጣ። ስብሰባ ተጠራ፤ ቤታችሁ አይነካም፣ ወንዛችሁ አይነካም ተባልን። ድማሚቱ ሲፈነዳ የእናቴ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አቤት ብትል «ድሮም ያረጀ ቤት ነው» አሏት። ወንዙ ደፈረሰ፤ «ክረምት ስለሆነ ነው» አሉ። በጋው ገብቶም አልጠራም። ከዚያ ወዲህ የኩባንያው ሰው «ደህና ዋላችሁ» ቢል እንኳ የሚያምነው አልነበረም። እኔም ከሁሉም ብሼ እጠላቸው ነበር። ዛሬም እጠላቸዋለሁ፤ የምናገረውን ሰምቶ ማንም እንዳይሳሳትብኝ።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ፣ ኩባንያው ቆፍሮ ከቆለለው የድንጋይ ክምር ሥር አዲስ ምንጭ ፈለቀ። ውኃው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። አንድ ባሕታዊ ሊታጠቡ ወርደው የብረት መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ያኖሩታል፤ ሲያወጡት ቀይ ሆኗል። በቃ፣ ተአምር ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ከአማኑኤል ከተማ ሳይቀር ሰው ቢጫ ጀሪካን እያንጠለጠለ ይጎርፍ ጀመር። የጠጣ ሁሉ ያስመልሰዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ በሽታው የመውጣቱ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ባስመለሰው ቁጥር እልል ይባላል።

እናቴን ጨጓራ ያማት ነበር። ቅዳሜ ቤት ስደርስ ሱባኤ ይዛ፣ ሰባቱን ቀን በባዶ ሆዷ ልትጠጣ ተስላ፣ አራተኛ ቀኗ ነው። አብሬያት ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ የጋገረውን አረንጓዴ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አየሁት።

«እማዬ፣ ይሄ ውኃ እኮ መዳብ አለው። ከክምሩ ሥር ነው የሚመጣው» አልኳት።

«መስቀሉስ?»

«እሱንም ያቀላው መዳቡ ነው።»

ጣሳውን ከአፏ አወረደችና ትክ ብላ አየችኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ እህል እንደ ልቤ በልቼ አላውቅም። ትናንት ካስመለሰኝ ወዲህ ቀለለኝ። ኧረ ይችን አትንጠቂኝ፣ ልጄ» አለች።

የሞላውን ጀሪካን ተሸክሜ ቤት ያደረስኩትም እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ኩባንያው ምንጩን በሽቦ አጠረና ሰሌዳ ተከለ፦ «ይህ ውኃ ለመጠጥ አይሆንም»። እዚያ አገር ከመጡ ጀምሮ እውነት የተናገሩት ያን ቀን ብቻ ነው። መንደሩ ግን ነደደ። ተራራችንን ወሰዱ፣ ወንዛችንን አበላሹ፣ አሁን ደግሞ በጸበላችን ቀኑብን ተባለ። ሽማግሌዎች ለወረዳው ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ፈልገው እናቴ ቤት መጡ።

«የኔ ልጅ፣ አንች ጻፊልን። ያንች ጽሕፈት አያሳፍረንም» አሉኝ።

እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና ታየኛለች። ወረቀት አወጣሁ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ የደፈረሰውን ወንዝ፣ ያቃጠለኝን ሁሉ አሰፈርኩበት። ታችኛው አንቀጽ ላይ «ውኃው ለጤናችን ጠቃሚ መሆኑን በተግባር ያረጋገጥን ስለሆነ» ብዬ ጨመርኩ። ይህችን ማንም አላዘዘኝም። ደብዳቤው ስላማረልኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መጻፍ የቻሉ ፈረሙ፣ ያልቻሉ በአሻራቸው አጸኑ። ብዙም ሳይቆይ አጥሩ ተነሣ።

እናቴ ሁለተኛ ሱባኤ ያዘች፤ ሦስተኛም ደገመች። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ደብረ ማርቆስ አምጥቼ ሆስፒታል አስተኛኋት።

«እናቴ፣ ምን ሲጠጡ ነበር?» አላት ሐኪሙ።

«ጸበል ነው ጌታዬ፣ ሌላ ምን እጠጣለሁ?»

ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ነው አፌ የተፈታው፤ የመዳቡን ነገር ነገርኩት። ጉበቷ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ፣ እናቷን ጸበል ያላሳጣች ልጅ እያሉ አመሰገኑኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ሌሎችም እየታመሙ መሆኑ ሲታወቅ ወረዳው ስብሰባ ጠራ። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ክምሩ፣ ስለ መዳቡ፣ መስቀሉ ለምን እንደ ቀላ። ሕዝቡ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። የኩባንያው ሰው አልተቆጣም። ከማኅደሩ አንድ ወረቀት አወጣ።

«እኛ አጥረን ነበር። አይጠጣም ብለንም ጽፈን ነበር» አለና ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። እኔ የጨመርኳት ቦታ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ደገማት። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አላዩም። አንደኛው ብቻ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ሁላችንም ነን» አሉ።

ሰውየው ወረቀቱን ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጎ ያዘው። ከፊርማዎቹ ሥር፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ሐምራዊ አሻራ አለ። የእናቴ ነው። አውራ ጣቷን ይዤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩላት እኔ ነበርኩ።

ቆሜ ነበር። ተቀመጥኩ።