ጋሽ ሁሴን በካርቶን ላይ የጻፏት ጥያቄ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። ውሸት ነው። ተሾማ ያልበላች፣ ተሽራም ያልቆጫት ሴት አውቃለሁ። የቆጨው እኔን ነው፤ አማካሪዋን። ለምን እንደቆጨኝ ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ስናገር ፊታችሁን ስለማላይ ትንሽ ይቀለኛል። ይህም አንድ ፍርሃት ነው።

ትርሲት እዚሁ ጉለሌ ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ከዚያ የወረዳ ኃላፊ ሆነች፤ ቆይታም ወደ ክፍለ ከተማው ከፍ አለች። «እርስዎ» ሲሏት ትቆጣ ስለነበር እዚህም በአንቱታ አልጠራትም። አንድ ፋሲካ ሰው በሯ ላይ በግ አስሮ ሄደ። ገመዱን ይዛ፣ በጉን ራሷ እየጎተተች፣ እስከ ቁስቋም ወጥታ ለባለቤቱ መለሰች። ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ሳቀባት። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ብልህ ሰው በግ እንደማይመልስ የማውቅ ብልህ ነበርኩ።

ከሕዝብ ጋር ውይይት ሲኖር ጥያቄ በጽሑፍ ይሰበሰባል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው ይባላል። ወረቀቶቹ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ለመድረኩ የሚመቹትን ከላይ፣ የማይመቹትን ከታች አደርጋለሁ። ከዚያ ማይኩን ይዤ «ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ጠቅለል አድርገን እናቀርባቸዋለን» እላለሁ። በዚህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን ሰው ጠቅልዬ እንደጣልኩ እግዜር ይወቀው። ዋናው ሥራዬ ይህ ነበር፤ አማካሪ መባሌ ለስሙ ያህል ነው።

አንድ ቀን ጳውሎስ አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ ከወረቀቶቹ መሃል ከብስኩት ካርቶን የተቀደደች ቁራጭ አገኘሁ። «ወንዙ ላይ ያለው የእንጨት መሻገሪያ በስብሷል። ክረምቱ ሳይገባ ይጠገንልን። ሁሴን፣ ባለሱቅ» ትላለች። ካርቶኗን ኪሴ ከተትኳት። ለመድረኩ ብዬ ነው? ለትርሲት ክብር ብዬ ነው? ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ታማኝ ሎሌ ነበርኩ እል ነበር። አይደለም። ትርሲት መሻገሪያውን ከሁለት ሳምንት በፊት በእግሯ ሄዳ አይታው፣ «ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፍና ይጠገን» ብላኝ ነበር። እሺ አልኩ። ረሳሁት። ጥያቄው ቢነበብ የሚጋለጠው የእኔ መርሳት ነበር።

በማግስቱ ደብዳቤውን ብጽፍስ? መሻገሪያው ይጠገን ነበር። ግን ደብዳቤ ቀን አለው። ቀኑ መዘግየቴን ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ የሰው እግር ከሚሸከም እንጨት ይልቅ ደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ቀን ያስፈራኝ ሰው ነበርኩ። ካርቶኗን ቦይ ውስጥ ጣልኳት፤ ደብዳቤውንም አልጻፍኩም።

ሐምሌ ላይ እንጨቱ ተሰበረ። ጋሽ ሁሴን ከነተሸከሙት የዱቄት ከረጢት ወደቁ። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወራት ሆስፒታል ተኙ። በሚቀጥለው ስብሰባ በምርኩዝ መጡና ማንም ሳይፈቅድላቸው ቆመው ተናገሩ።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ እኔ ጽፌ ሰጥቼ ነበር። ወረቀት እንኳ አይደለም፣ ካርቶን ነው። ካርቶን እንዴት ይጠፋል?»

ትርሲት ወደ እኔ ዞረች። «ደርሶህ ነበር?»

«አልደረሰኝም» አልኩ። ስለዚያ ደብዳቤ ግን ያኔም በኋላም አልጠየቀችኝም።

ከኋላ አንዱ «ያ የመለሱት በግ በልቶት ይሆናላ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሁሴን ብቻ አልሳቁም።

እሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተሰጠ ሁሉ ለእኔ የተሰጠ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጋሽ ሁሴን፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያንን ይቅርታ ስትጠይቅልኝ ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር። ወር ሳይሞላ በዚሁ ሰበብ ከኃላፊነቷ ተነሳች። ወደ ጠመኔዋ ተመለሰች፤ ሲሉ እንደምሰማው ደግሞ ከሹመቷ ዘመን ይልቅ አሁን ትስቃለች።

እኔንስ ምን አደረገችኝ? አዲሱ ኃላፊ የእሷን ሰዎች ሲያባርር አብሬ ተባረርኩ። ትርሲት ቤቴ ድረስ መጣች። ሦስት ጆንያ መጽሐፍ በታክሲ አስጭና ነበር። «አንተ ለሹመት አትሆንም፤ ተቀመጥና አንብብ፣ ከዚያ ጻፍ» አለችኝ። የመጀመሪያ ጽሑፌን አርማ ለጋዜጣ የወሰደችልኝም እሷ ናት። የምበላው እንጀራ፣ ትንሽም ብትሆን ያለችኝ ስም፣ በሰው ላይ ለማሾፍ የምጠቀምበት ይህ ብዕር እንኳ ከእጇ የተቀበልኩት ነው። መዋሸቴን ታውቅ ይሆን? አላውቅም። ካወቀች ምስጋናዬ እጥፍ ነው፤ እፍረቴም እንደዚያው። ካላወቀችም ያለ ምክንያት ደግ ሆናልኛለች፤ ይህን ደግሞ እንዴት እንደሚሸከሙት አላውቅበትም።

ምስጋናዬን በዝምታ ይዤው ልሞት አስቤ ነበር። ግን የፊታችን እሁድ እድራችን ሰብሳቢ ሊመርጥ ነው፣ የትርሲትም ስም ተነስቷል። አንድ ጎረቤቴ «ጥሩ ሰው ናት፤ ግን የጋሽ ሁሴንን ወረቀት የጣለች እሷ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። አዎ በሚል አንገቴን ነቀነቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ለሁለተኛ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚያስፈራኝም ደብዳቤ ሳይኖር።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እንደወጣ ለትርሲትም ለጋሽ ሁሴንም እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ቢያነሱብኝ አልሸሽም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ሁሉም ያደርገዋል አልልም፤ ትርሲት አላደረገችውም። እኔን ይቅር የማለቱን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የሰፈራችን ሰዎች፣ እሁድ እጃችሁን ለትርሲት አውጡ።