ለሕያው በሉልኝ

ሳህሊቱ ገና ልጅ ሳለች ቦኬ ላይ ፈንጣጣ ገባ። የታመመን ሰው ከመንደር ያርቁ ነበርና እሷንም ወንዝ ዳር በተሠራች ጎጆ አስተኟት። የሚያስታምማት ቀደም ሲል ፈንጣጣ የወጣለት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እናቷ እንዳትገባ ተከለከለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከጎጆዋ በር ፈንጠር ብላ ትቆምና የልጅቱን የክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያምን፣ እየጠራች ፈጣሪን ትለምናለች። "ይቺማ አበቃላት፤ ምን ያቆምሻል?" ቢሏት ወይ ፍንክች! መቃብሯ እንኳ ተምሶ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳህሊቱ ፊቷ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣ በገዛ እግሯ ወጣች፤ በተማሰላት ጉድጓድ አጠገብ አልፋም ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ፣ ሞተ የተባለን ሰው ሁሉ ሞቷል ብላ አታምንም።

ጠላት በወጣ ማግስት አሰበ ተፈሪ ተዳረች። ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተና አጥናፉ ከሚባል አንድ ልጇ ጋር ቀረች። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠራች አሳደገችው። ሰሙን ከገለምሶ ገበያ ታስመጣለች፤ የጥጥ ፈትል በቀለጠው ሰም እየነከረች በመዳፏ ታሸዋለች። የሳህሊቱ ጧፍ አይንጠባጠብም ይባል ነበር።

አጥናፉ ሲጎረምስ፣ ጅቡቲ መርከብ ላይ ሥራ አለ የሚል ወሬ ልቡን ሰቀለው። ብትለምነው አልሰማ አለ። ባቡር እስከሚሳፈርበት እስከ ቦርደዴ ሸኘችው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብሎ "እማዬ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ሂጂ!" አላት። ከዓይኗ እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እሑድ እሑድ ጧፏን ይዛ መምሬ ይልቃል ዘንድ ትቀርባለች። መምሬ በቅዳሴ የሚጠራውን ስም ከምእመናን የሚቀበሉ ቄስ ናቸው። የሕያዋኑ ስም ለብቻ፣ የሙታኑ ለብቻ ነው የሚጠራው።

"ገብረ ሥላሴ" ትላለች፣ የአጥናፉን የክርስትና ስም።

"ለሕያው?"

"ለሕያው በሉልኝ፣ አባቴ።"

ይህ ነገር የባሏን እኅት ፈለቀችን አንገበገባት። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ ያዘቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ የወንድሜን ልጅ ነፍስ በረሃብ ልትፈጂ ነው? ሙት የሚጠብቀው ፍትሐት ነው። ተዝካሩን አውጪ!"

"ማን ሞተ አለሽ?"

"በሕይወት ያለ ሰው ለናቱ ቃል አይልክም?"

"ለኔም በሕይወት ሳለሁ ጉድጓድ ምሰውልኝ ነበር።"

"ኤዲያ! የፈንጣጣዋን ወሬ ደግሞ ጀመረች። ድግሱን ፈርተሽ እንደሆነ ንገሪን፤ ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ!"

ሳህሊቱ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላት ሄደች። ቤቷ ስትገባ ግን አለቀሰች። ፈለቀች የተናገረችው፣ እሷም ብቻዋን ስትሆን ራሷን የምትጠይቀውን ነበር።

ጎረቤቷ ጣሂራ ታጽናናት ነበር። "ሳህሊቱዬ፣ አንቺ ማርያምን ለምኚ፣ እኔ ዱዓ ላድርግ። ረቢ የማንን ቀድሞ እንደሚሰማ ምን ይታወቃል?"

"ያንቺ እንዳይቀድመኝ ብቻ!" ትላታለች ሳህሊቱ፤ ይስቃሉ።

የጣሂራ ባል አብዱረዛቅ በባቡር ጅቡቲ ጫት የሚልክ ነጋዴ ነው። በወረደ ቁጥር ስለ አጥናፉ ይጠይቅላታል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ወደብ ላይ አንድ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ አግኝቶ ነበር። "ከአሰበ ተፈሪ የመጣ ልጅ በትኩሳት ሞቶብኝ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ" አለው ሽማግሌው። "እናቴ ፊቷን ፈንጣጣ የበላት ጧፍ ሠሪ ናት ይል ነበር።" የሞተው በሄደ በዓመቱ ነው።

ጣሂራ ይህን ይዛ ዝም ማለት አልሆነላትም፤ ለፈለቀች ነገረቻት። እንደ አገሩ ወግ በማለዳ መምሬ ይልቃልን አስቀድመው መጡ። ሳህሊቱ ሰም አቅልጣ ጧፍ ታሻለች። ቀና ስትል መምሬን አየች፤ ፈለቀችን አየች፤ ጣሂራ ከኋላ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል?

"ቆዩ" አለች። "ሰሙ ይረጋብኛል። ይህችን ልጨርስ።"

ቆሙላት። ያቺን አንዲት ጧፍ ቀስ ብላ አሸቻት፤ ካለቀችም በኋላ አሸቻት። ከዚያ አስቀመጠቻትና "በሉ ንገሩኝ" አለች።

የአጥናፉ ጋቢ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰ። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ፈለቀች ናት። ሳህሊቱን የቆጠቆጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ፍትሐቱ እንዳበቃ መምሬን ጠጋ አለቻቸው።

"አባቴ፣ ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ፍትሐት ሲጠብቅ እኔ ለሕያው በሉ እላለሁ። አስራብኩት።"

"ወለተ ማርያም፣ ሙትና ሕያው ብለን የምንለየው እኛ ነን። ፈጣሪ ዘንድ የሞተ የለም። ስሙ ደርሶለታል።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ይለያሉ?"

መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

በሚቀጥለው እሑድ ጧፏን ይዛ ቀረበች። "ገብረ ሥላሴ" አለችና ቀሪውን መናገር አቃታት። መምሬም አልጠየቋት። ስሙን ከሙታኑ ጋር ጠሩት።

ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ አንድም እሑድ አልቀረችም። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ ጣሂራ አጠገቧ ተቀምጣ "ሳህሊቱዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለምነሽ ረቢ እምቢ ሲልሽ አልደከመሽም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ደከመኝ እንጂ" አለች ሳህሊቱ። "ግን እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጣራ የሰማኋት ይመስልሻል? ትኩሳቱ ጆሮዬን ደፍኖት አንዲት ቃል አልሰማሁም። ቆማ እንደነበር ያወቅኩት ድኜ ስወጣ ነው፤ ሣሩ በእግሯ ተረግጦ መላጣ ሆኖ አየሁት። ልጄም አንድ ቀን የቆምኩበትን ያየዋል። መስጠት መንሣት የፈጣሪ ፈንታ ነው፤ የኔ ፈንታ መቆም ነበር። ማንንም ቢሆን፣ በበሩ ላይ የሚቆምለት ሰው አያሳጣው።"