የኮቴ ድምፅ በጌም ቤት

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሽ አዳነ መጀመሪያ ያስያዙኝ ሪሞት ነው። «የሺ፣ ድምፁ ከመንገድ ካልተሰማ ሰው ዝግ ነው ብሎ ያልፈናል» አሉኝ። ሲዲ መወልወሉን፣ ጆይስቲክ መጠገኑን፣ ተራ ማስጠበቁን በኋላ ራሴው ለመድኩት።

ወንበሬ በሩ ላይ ነበር፤ ጀርባዬ ለቴሌቪዥኖቹ። ስለዚህ ጌም የማውቀው በጆሮዬ ነው። ሙዚቃው ሲጣደፍ አንዱ ሊሸነፍ ነው፤ ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ የሆነ ጉድ አድፍጧል ማለት ነው። ከሊማሊሞ በኩል ጉም መጥቶ መንገዱን ሲሸፍንብኝ፣ እኔ በሙዚቃው ውስጥ ያላየሁትን አገር እዞራለሁ። ደስ ሲል! ሰው ገብቶ «ተራ አለ?» ሲለኝ እንኳ ቶሎ አልሰማም።

አንዱ ሲዲ ግን ከሁሉም ይለያል። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ፈረስ ይጋልባል፤ የሚሰማው ነፋስና ኮቴ ብቻ ነው። ሙዚቃ የሚነሣው ሊዋጋው የሚገባው ግዙፍ አውሬ ሲቀርብ ነው። ጋሽ አዳነ ጠሉት። «ይሄ ሙት ነገር ገበያ ያባርራል፣ ጣይልኝ» ይሉኛል። እሺ ብዬ ከሌሎቹ ሥር እደብቀዋለሁ።

የምደብቀው ለደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ከሰሜን ተራሮች፣ ከአምቢኮ መንደር የመጣ በቅሎ ነጂ ነው። ወደ ተራራው ቱሪስት ሲያደርስ በቅሎው ሳንቃ በር የሚባለው ሰፈር አጠገብ ገደል ገባችበት። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ትቶ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቷል፤ ከሰው ጋር አያወራም። ያንን ሜዳ ሲጋልብ ብቻ ፊቱ ይፈታል። ልጆቹ «ፈረስ እኮ ነው» እያሉ ሲያበሽቁት፣ «ወግዱ! እኔ በቅሎ መለየት ጠፍቶኝ ነው?» ይላል።

በዚህ መሐል የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ባል ሞቱ። ቤታቸውን ከእኛ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድንኳን ተተክሎ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው እኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። የሁሉንም ቴሌቪዥን ድምፅ ዘጋሁ። ኳስ የሚጫወቱት ቀጠሉ። ደሳለኝ ግን ጥቂት ጋልቦ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«ኮቴዋ የለም፣ የሺ። በቅሎዬ ገደል እንደገባችበት ቀን ሆነብኝ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱም አልመጣም። ለቅሶ ስደርስ እትዬ ዘነቡን ቀስ ብዬ ለመንኳቸው። «ዘፈን አይደለም እትዬ፣ ኮቴ ብቻ ነው። በቅሎው ገደል የገባችበትን ሰውዬ ጭንቀት ሊገድለው ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ኮቴ ምን አደረገኝ? ብቻ ዘፈን እንዳይሰማኝ።»

ደሳለኝን ፈልጌ አመጣሁት፤ የተባልኩትንም ነግሬው የእሱን ቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ ከፈትኩለት። ሜዳውን ይጋልባል፣ ይጋልባል፤ አውሬው አጠገብ ደርሶ ሙዚቃው ሊነሣ ሲል ፈረሱን ይመልሳል። ሰነበተ እንዲህ ሲያደርግ። ጋሽ አዳነ ጉድ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚዋጋው?»

«ድንኳኑ ሲነሣ» አላቸው ደሳለኝ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነቡ ጥቁር እንደለበሱ በራችን ላይ ቆሙ። ደንግጬ ሪሞቱን አነሣሁ።

«ተዪው» አሉኝ። «ሟቹ ከገበያ የሚመለሰው በበቅሎ ነበር። አሁን ጋደም ብዬ ኮቴውን ስሰማ፣ መጣ ብዬ ተነሥቼ በር ከፈትኩ።»

ሁሉም ጨዋታውን አቆመ። ደሳለኝ ጋላቢውን ገታው፤ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

«ላጥፋው፣ እትዬ?» አላቸው።

ነጠላቸውን ሰብስበው አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጡ።

«አይ፣ ቤቱ አድርሰው» አሉት።

እሱም ቀስ እያለ መንዳት ጀመረ።

የእትዬ ዘነቡ ሐዘን ከወጣ በኋላ ደሳለኝ ሌላ በቅሎ ይዞ ወደ መንገዱ ተመለሰ። እኔም እዚያው ቤት ብዙ ዘመን ሠራሁ። ጌም ቤት ለምትከፍቱ የምለው ይኸው ነው፦ ድምፅ መዝጋትና ጸጥታ አንድ አይደሉም። ሪሞቱን ከመጫናችሁ በፊት ሰዎቹን ጠይቁ።