ስንጥቁ ግድግዳችን ሥር የደረሰ ዕለት

በደርግ ጊዜ አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የመሬትን ገጽታ የሚለውጡት የውስጥና የውጭ ኃይሎች ናቸው እያልኩ ጠመኔ ስጨርስ፣ መሬቱ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። አንድ ክረምት ጎርፍ ጓሯችንን አቋርጦ ሲሄድ አፈሩ ሰመጠና ረጅም ስንጥቅ ተከፈተ። በስምጥ ሸለቆ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ከሥር ዓለቱ ይላቀቃል፣ ከላይ ውሃው አፈሩን ወደ ውስጥ ይጠርጋል። ተማሪዎቼ ግን፣ "ቲቸር፣ ለማስተማሪያ አስቆፍረውት ነው?" ይሉኝ ነበር።

ባለቤቴ ለስንጥቁ ግድ አልነበራትም። አንድ ልጃችን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል።

"ቤቱን ብንለቅ ሲመጣ የት ያገኘናል?"

"አዳማ እኮ ትንሽ ከተማ ናት።"

"ትንሽ? አንተን እንኳ ጠጅ ቤት ስትውል ስንቴ ፈልጌ አጥቼሃለሁ!"

እውነቷን ነው።

ስንጥቁ ሲሰፋ ግን እሺ አለች። ቤቱን አፍርሰን፣ እንጨትና ቆርቆሮውን ቀበሌ ወደሰጠን ቦታ ልናዛውር ሆነ። የእድራችን ሰዎች እሑድ ሊያግዙን ቃል ገቡ። ሐሙስ ለዓርብ ዝናቡ ሲወርድ አደረና ስንጥቁ ግድግዳችን ሥር ደረሰ። ጎረቤታችን፣ የአርሲው ሽማግሌ፣ ለሶላት ሲነሱ አይተው እሑድን ሳይጠብቁ ሰዎቹን ሰበሰቡ። ጎህ ሲቀድ ደጃችን መጡ። እንዳይቀሰቅሱን ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ቆሙ።

በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው።

"ልጄን!" ብላ ደረቷን መታች።

ሰዎቹን የለመንኳቸው እኔ፤ መዶሻውና ገመዱም ይታየኛል። መዶሻ ይዞ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ የት አገር አለ? እሷ ስትጮህ ግን እኔም ጮኽኩ። እንዲያውም ከእሷ በልጬ ነበር ይላሉ።

በኦሮምኛ "አካም ቡልተን"፣ እንዴት አደራችሁ፣ ሊሉ አፋቸውን የከፈቱት ሽማግሌ ደነገጡ። "ኧረ እህቴ! ቆርቆሮውን ልናወርድ ነው የመጣነው። ልጁ ደህና ነው!"

"ደህና መሆኑን ማን ነገራችሁ?" አለቻቸው።



ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። ስህተት መሆኑ ሲነገራቸውም አንዷም አልተነሳች፤ የእነሱም ልጆች እዚያው ሰሜን ዘምተው ነበር። ወንዶቹ ጣሪያውን ሲያወርዱ፣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሲያለቅሱ ረፈደ።

ልጃችን አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ወታደር እያነከሰ በከተማችን ሲያልፍ፣ ባለቤቴ የእያንዳንዱን ፊት እያየች ውሃ ታጠጣ ነበር። መርዶም አልመጣም። ስለዚህ ድንኳን አልተከልንም፣ ተዝካር አላወጣንም። ለልጃችን የተለቀሰው ያን ጠዋት ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ዛሬ ጩኸቴን እያስመሰሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። እሷ በሕይወት ሳለች ግን ማንም አያነሳውም ነበር።