ጥዱ የዋጠው ብረት

ፈህሚያ ኸሊል ዘወትር ጠዋት ከቤት ስትወጣ የበሩን መቃን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች።

«ደኅና አደረ?» ይሏታል እናቷ ሐዲጃ እየሳቁ።

ጎንደር ውስጥ ምሕንድስና ታስተምራለች፤ የእንጨትን ውስጥ ሳይቆርጡ መመርመርም ሥራዋ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግን እንቅልፍ የነሳት አንድ ጥድ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው የቆመው፤ የኔታ ዕንባቆም ቅኔ የሚያስተምሩት ከሥሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትልቅ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደቀ። ግንዱም ውስጥ ውስጡን በስብሶ ከሆነ አንድ ቀን ተማሪዎቹ ላይ መውደቁ ነው። ፈህሚያ እንድታየው ተጠራች።

በግንዱ ዙሪያ ትንንሽ አንቴናዎች አሰረች። የማይክሮዌቭ ሞገድ ከአንዱ ወጥቶ በእንጨቱ ውስጥ እያለፈ ሌሎቹ ጋ ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩም የግንዱን ውስጥ እንደ ራጅ ይሥለዋል።

«ማይክሮዌቭ ወጥ የሚያሞቁበት አይደለም እንዴ?» አሉ የኔታ። «ጥዳችንን ልትቀቅይው ነው?»

«ለእርስዎ ጥርስ እንዲለሰልስ ብዬ ነው፣ የኔታ።»

በሥዕሉ መካከል ደማቅ ነጥብ ወጣ። ውኃ ያዘለ ብስባሽ መሰላት። «ይቆረጥ» አለች። የሰበካ ጉባኤው ለቅዳሜ ቆራጮች ቀጠረ።

ዐርብ ዕቃዋን ስትሸክፍ የኔታ ግንዱን እየዳበሱ፣ «ስንት ዘመን ደወል ተሸክሞልን!» አሉ።

«የምን ደወል?»

«የደወሉ ቤት ሳይሠራ እዚህ ነበር የሚንጠለጠለው፤ በብረት መንጠቆ።»

«መንጠቆውስ?»

«ጥዱ ዋጠው። ቅርፊት ለበሰበት።»

ፈህሚያ ሳጥኗ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ብረትም እንደ ውኃ ሞገዱን ይመልሳል፤ ሥዕሉ ላይ ያው ደማቅ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ወዲያው ተነሥታ ወደ ጉባኤው ሊቀ መንበር ወደ አያ ላቀው ሄደች።

«ነገ አይቆረጥም።»

«ምነው? ይቆረጥ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። ቆዩ የምለውም እኔው ነኝ። እስካረጋግጥ ግን ማንም ከሥሩ አይቀመጥ።»

ብስባሽ ግንዱን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ብረት ከተመታበት አይነቃነቅም። አንቴናዎቹን በስንዝር በስንዝር ከፍ ዝቅ እያደረገች እንደገና ለካች። ነጥቡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታየ፤ ከሱ በላይም በታችም ጠፋ። የቀረው እንጨት ጤነኛ ነበር። ቆራጮቹ ሳይቆርጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ተማሪዎቹም ወደ ጥላቸው።

ይህን ስትነግረኝ ስሕተቷን አልሸሸገችም። «ጻፊው፣ ተማሪዎቼ ይማሩበት» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድተውላት ለመነችኝ፦ በተከታዩ ክረምት፣ ነፋሱ ገና ከንጋት በበረታበት ቀን፣ ትምህርቷን ሰርዛ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ሄዳለች፤ የቅኔ ተማሪዎቹን ከግቢው በር መልሳ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ድረስ ጀርባዋን ለጥዱ ሰጥታ ብቻዋን ከሥሩ ተቀምጣለች።

«እሱን ተይው» አለች፤ «መሣሪያዬን ያላመንኩት ይመስላል።»